ቼሎው የት ከሳ? አራት ሥራ በአንድ የሳምፕል ሰርቨር

አሁን አራት የሙዚቃ ቅንብር ሥራ ባንዴ ይዣለሁ። አራቱም ኦርኬስትራ አለባቸው፣ ያለኝ ራም ደግሞ 32 ጊጋ ነው። ቀድሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ የስትሪንጉም የብራሱም የከበሮውም ሳምፕል (ቀድሞ የተቀዳ የመሣሪያ ድምፅ) እንደ አዲስ ራም ላይ ይጫን ነበር። የመጫኛዋ መስመር እስክትሞላ ድረስ የመጣልኝ ዜማ ብን ብሎ ይጠፋል።

ስለዚህ መሣሪያዎቹን በሙሉ ከዳው (ሙዚቃውን ከምሠራበት ፕሮግራም) አውጥቼ ቪየና አንሳምብል ፕሮ ውስጥ ከተትኳቸው። ለማታውቁት፣ ራሱን ችሎ እንደ ሰርቨር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሳምፕል የሚያጫውቱትን እነ ኮንታክትን ይዞ ይቀመጣል፣ ዳው ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሆኖም በኔትወርክ ያናግረዋል። ፕሮጀክቱን ብዘጋም ሳምፕሉ ራም ላይ እንዳለ ይቆያል።

ዋናዋ ቁልፍ ዲካፕል የምትባለው ናት። እሷ ካልበራች የሰርቨሩ ነገር ሁሉ ከዳው ፋይል ጋር አብሮ ሴቭ ስለሚሆን ሴቭ ባልኩ ቁጥር ይንቀራፈፋል። ከበራች ግን ሰርቨሩን ለብቻው ሴቭ አደርጋለሁ፣ አራቱም ሥራ እሱን ይጋራሉ። አብርቼ ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። መዘዟን ግን አላሰብኩም።

ሁለተኛው ሥራ ላይ ቼሎው የዘፋኙን ድምፅ ሲጫንብኝ፣ ሰርቨሩ ሚክሰር ላይ በኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ በሚያስተካክለው) 250 ኸርዝ አካባቢ 4 ዴሲቤል ቀነስኩለት። አማረ፣ ሴቭ አልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ሥራ ብከፍተው ቼሎው ከስቶ ጠበቀኝ። መጀመሪያ ስፒከሩን፣ ቀጥሎ ጆሮዬን ስጠረጥር ግማሽ ቀን ሄደ። ለካ ያቺው ኢኪው ናት! አንድ ቼሎ ለአራት ቤት ተቀጥሮ እንደሚሠራ ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ ላይ ኢኪውም ሪቨርብም (ማስተጋቢያ) ፌደርም (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) አልነካም። እዚያ ያለው መሣሪያ ብቻ ነው፣ ሚክሱ በየዳው ፋይሉ ውስጥ ነው። ቅንብሩ ሲያልቅም ሁሉንም ወደ ኦዲዮ እቀዳና ሚክስ የማደርገው ከዚያ ላይ ነው። ይሄ ለራም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ራውንድ ሮቢን ያለው መሣሪያ ያንኑ ኖታ በደገመ ቁጥር ሌላ ቅጂ ስለሚያወጣ፣ ትናንት ያስተካከልኩት አታክ (የኖታው አነሳስ) ዛሬ ትንሽ ተለውጦ ያገኘኛል። ኦዲዮ ግን አይለዋወጥም።

ራሙን ያተረፍኩት በፐርጅ ነው፤ ሁሉንም ሳምፕል አራግፌ ስጫወት የነካሁት ኖታ ብቻ ይጫናል። የኮንታክትን ፕሪሎድ ባፈርም (ከየሳምፕሉ መጀመሪያ ራም ላይ ቀድሞ የሚጫነውን ቁራጭ) ከ60 ኪሎባይት ወደ 12 ባወርደው ፈጣን ስታካቶ (አጭር አጭር ኖታ) ላይ መንጫጫት ጀመረ፣ 18 ላይ ተረጋጋ። ሳምፕሎቹ ያሉት ኤስኤስዲ ላይ ስለሆነ ነው እንጂ በሃርድ ዲስክ አልደፍረውም።

ሌላው መዘግየት ነው። ዳው 256 ሳምፕል (እዚህ ላይ የዲጂታል ድምፅ ቅንጣት ማለት ነው) ላይ ሆኖ ሰርቨሩን 2 ባፈር (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት ቋት) ካደረጋችሁት 512 ሳምፕል ይጨመራል፣ በ48 ኪሎኸርዝ ወደ 11 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው። ለሚክስ ግድ የለም። ኪቦርድ ስጫወት ግን ጣቴ ያውቀዋል፣ ያኔ ዝቅ አደርገዋለሁ።

አሁን የቀረኝ ራስ ምታት ሲሲ 7፣ ማለትም ዳው ለመሣሪያው የሚልከው የቮልዩም ትእዛዝ ነው። አንዱ ሥራ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጎ ከሄደ መሣሪያው እዚያው ላይ ይቆይና ቀጣዩ ሥራ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ለጊዜው በየፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ባር ላይ የሲሲ 1፣ 7 እና 11ን (1 እና 11 የአጨዋወቱን ድምቀት የሚቆጣጠሩ ናቸው) መነሻ ቁጥር እየጻፍኩ ነው። ሦስቱን ጨርሻለሁ፣ አራተኛው 60 ትራክ ስላለው እያየሁት እያለፍኩ ነው።