አበልጅ

ትናንት የክርስትና እናቴ ሰልስት ነበር። ለቀብሩ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ስጠይቅ «ምንሽ ናት?» ተባልኩ። «የክርስትና እናቴ» አልኩ። የቢሮው ልጅ ወረቀቱን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ያ ቁጥር 1156 የሚባለው፣ 3 የሐዘን ቀን የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ነው። በውኃ የተገኘ ዘመድ አያውቅም። ከዓመት ፈቃዴ ላይ ተቀነሰ። አልተቀየምኩም፤ ልጁ ምን ያድርግ።

የክርስትና እናቴ እቴቴ የቀጨኔ ሰው ናት፤ ሸክላ ሠሪ። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ። ያሳደገኝ ሰፈር ስለ ሸክላ ሠሪና ስለ ሸማኔ ምን እንደሚያወራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጀበናዋን ገዝተው ቡና ያፈሉበታል፤ እሷ ያፈላችውን ቡና ግን አይጠጡም። «ዓይኗ…» ብለው ይተዉታል።

የክርስትና እናቴ እንድትሆን የታሰበችው አክስቴ ነበረች። በ80 ቀኔ ማለዳ ግን የወር አበባዋ መጣና ቤተ ክርስቲያን መግባት አልቻለችም። እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ዞር ስትል ያየችው ጎረቤታችንን እቴቴን ነው፤ ቅዳሴ መጥታ ነበር። «ያዥልኝ» አለቻት። በቃ፣ እንዲህ ነው የሆነው። እኔን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞረች፤ ካህኑ የሚላትን ግእዝ እየተከተለች «እክሕደከ ሰይጣን» አለች። ቡዳ ናት እየተባለች የምትታማ ሴት ስለ እኔ ሰይጣንን ካደች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራ አመነችልኝ። ከውኃው ተቀበለችኝ፣ ማተቤ ታሰረልኝ፣ ወለተ ሥላሴ ተባልኩ። እሷ እስክትሞት ድረስ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም፤ ትምህርት ቤት በር ላይ እንኳ ጮክ ብላ «ወለተ ሥላሴ!» ስትለኝ አፍር ነበር።

ትናንት ማታ እናቴ አንድ ነገር ነገረችኝ። ያን ቀን አያቴ (የአባቴ እናት) ምን አለች መሰላችሁ? ትቆጣለች ብለው ሲፈሩ፣ ረጋ ብላ፦ «እንኳንም አበልጅ ሆነች። እንግዲህ ከልጆቿ የሚጋባ አይኖርም።»

ሌሊቱን ይህን ሳመላልስ አደርኩ። አበልጅ አይጋባም፤ እውነት ነው፣ ሥርዓት ነው። የእቴቴ ልጅ ወንድሜ ነው፤ ከሥጋ ወንድሞቼ ይልቅ እሱ ነው ቀበቶ ሰርቆ ገመድ ያዘለለኝ፣ ኋላም ሰርጌ ላይ ከወንድሞቼ ጋር የቆመው። ለእኔ ወንድም የሰጠኝ ሥርዓት ለአያቴ አጥር ሆኖላት ኖሯል። ዘመድ አደረገቻት፣ እንዳትዛመዳት። አያቴ ጸሎተኛ ነበረች፣ ጾም የማትስት፤ በዚህ ነገር ላይ ክፋት እንዳለ የሚነግራት ሰው የነበረ አይመስለኝም። የሚነግራት የንስሐ አባት ካልነበረ ግን ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፣ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም።

እቴቴ ይህን ታውቅ ነበር? የምታውቅ ይመስለኛል። ለፋሲካ ድፎዋን ይዛ እኛ ቤት ስትመጣ በር አካባቢ ነበር የምትቀመጠው። «ግቢ እንጂ» ስትባል «ጭስ ጭስ እሸታለሁ፣ እዚሁ ይሻለኛል» ትል ነበር። ሸክላ ስታቃጥል የዋለች ሴት እርግጥ ጭስ ትሸታለች። ለፋሲካ ግን ሸክላ አታቃጥልም።

ፍትሐቱ ላይ ካህኑ «ወለተ ኪዳን» ሲሉ ከኋላዬ የቆሙት የሰፈር ሴቶች «ማን ናት?» ተባባሉ። ከልጆቿ ጋር ፊት ነበርኩ፤ እንድቆም የጠየቀኝ የለም፣ እንድወጣም ያለኝ የለም።

ድንኳኑ ውስጥ አክስቴ፣ ያቺው በ80 ቀኔ ደጅ የቀረችው፣ ከጎኔ ተቀመጠች። አርጅታለች። የእቴቴ ሴት ልጅ ከእናቷ ጀበና ቡና ቀድታ ሰጠቻት። በሁለት እጇ ተቀበለች። ስኒውን ብዙ ይዛው ቆየች። ሰው እጄን ሊጨብጥ መጥቶ ተነሣሁ፤ ስመለስ ስኒው ባዶ ነበር፣ ከእግሯ ሥር ያለው ሣር ግን እርጥብ ይሁን ደረቅ ጎንበስ ብዬ አላየሁም።