ፖት ወይስ የረግረግ መደብ? ነፍሳት በል ተክሎች በአዲስ አበባ መሀል

ፍላይትራፕ (ቅጠሉ እንደ መንጋጋ ተዘግቶ ነፍሳት የሚይዝ) ወይም ሳራሴኒያ (ቀንድ በመሰለ ክፍት ቅጠሉ ነፍሳት የሚያጠምድ) ለመትከል ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ውሃ ነው። ከፖትና ከረግረግ መደብ የቱ እንደሚሻል የሚወስነው ግን የተክሉ እንቅልፍ ነው። ሁለቱም የሰሜን አሜሪካ ተክሎች ስለሆኑ በዓመት ከ3 እስከ 4 ወር፣ ቀኑ አጥሮ ብርዱም ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ማረፍ አለባቸው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የኅዳር ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፤ ተክሉ በደንብ ሳይተኛ ይከርማል። እንዲህ የሰነበተ ተክል ወጥመዱ እያነሰ፣ ጉልበቱ እያለቀ ይሄዳል። ባለቤቱ ውሃ ያነሰው ይመስለዋል።

መፍትሔው ፍሪጅ ነው። ኅዳር ሲገባ ተክሉን ከፖቱ አውጡ፣ ሥሩን በዝናብ ውሃ እጠቡ፣ የጠቆረውን ቅጠል ቁረጡ። ሥሩን በተጨመቀ እርጥብ ስፋግነም (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ሽበት) ጠቅልላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ባለው መደርደሪያ ላይ ለ12 ሳምንት አቆዩት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ። በየሁለት ሳምንቱ ሻጋታ እንዳለ እዩ። ከፖት ይህን ማድረግ ቀላል ነው፤ መደብን በየዓመቱ መንቀል ግን የማይዘለቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ሁለቱ ፖት ይሻላል እላለሁ።

ፖቱ ፕላስቲክ ይሁን። የሸክላ ማዕድን ወደ አፈሩ ይገባል፣ ውሃውም በግድግዳው ይተናል። ለፍላይትራፕ 15፣ ለሳራሴኒያ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይበቃል። መትከያው ማዳበሪያ ያልገባበት ፒት ሞስ (የበሰበሰ የረግረግ ሽበት) እና ፐርላይት (ነጭ ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ እኩል በእኩል። ፍግ፣ ኮምፖስት፣ የግቢ አፈር ሥሩን ይገድላሉ። በፐርላይት ፋንታ አሸዋ የምትጠቀሙ ከሆነ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ ከተንፈቀፈቀ ኖራ አለበትና ተዉት። ፖቱን ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ውሃ ባለው ትሪ ላይ አስቀምጡና ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያግኝ። መሀል ከተማ የጎረቤት ፎቅ ፀሐዩን ሲጋርድ ፖት ይነሣል፤ መደብ አይነሣም።

ውሃው በቲዲኤስ መለኪያ (በውሃው የሟሟውን ማዕድን የሚለካ) ከ50 ፒፒኤም በታች ቢሆን ይመረጣል። የቧንቧውን ለክታችሁ ወስኑ፤ የታሸገ የማዕድን ውሃ አይሆንም። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፣ አሲዱን ግን እንዳታነሡ መለያውን አንብቡ። ከሁሉም የሚሻለው የክረምት ዝናብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራ ይጠቡት፤ ከዚያ 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 50 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብበት 1,000 ሊትር ሮቶ ሊሞላ ይደርሳል።

ሰፊ ግቢና ሮቶ ካላችሁ መደብም ያምራል። 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ 40 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቆፍሩ፤ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉና ከአፉ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ጎኑን ብሱ፣ ያለዚያ ክረምት ላይ ሐይቅ ይሆናል። 400 ሊትር ድብልቅ ይበላል፤ እዚህ ላይ ነው ወጪው። በጋ ላይ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ስለሚያጣ ሙሉ ሮቶ ከ200 እስከ 250 ቀን ያዘልቃል። ብዙ መደብ የሚበላሸው በሲሚንቶ ነው፦ ከተነጠፈው ግቢ የሚፈስ ጎርፍ ኖራ ይዞ ይገባል። ዳሩን ከመሬት 10 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት።

መደቡ ውስጥ ምን ይተከል? ድሮሴራ ካፔንሲስ። በሚያጣብቅ ፀጉሩ ነፍሳት የሚይዝ የደቡብ አፍሪካ ኬፕ ተክል ነው፣ የብርድ ወራት እንቅልፍ አይፈልግም፣ በዘሩ ራሱ ይራባል። ኔፐንተስን (በቅጠሉ ጫፍ በተንጠለጠለ ጽዋ ነፍሳት የሚያጠምደውን) ግን እዚያ አታስገቡት፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል።

መሀል መንገድ ለሚፈልግ ሳፋ አለ። 50 ሊትር የሚይዝ ሳፋ ጎኑን ከአፉ 8 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ብሱና በዚያው ድብልቅ ሙሉት፤ ፍላይትራፑን ወይም ሳራሴኒያውን ከነፖቱ ቅበሩበት። ሥሩ እርጥበቱን ያገኛል፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ፖቱን ብድግ አድርጋችሁ ተክሉን እንደተባለው ወደ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በረዶ ሲጥል ሳፋውን በረንዳ ሥር ሳቡት፤ የሳራሴኒያ ቀንድ አንዴ ከተሰበረ አይጠገንም።