ብርቱካን የመሰለችው ደንበኛችን

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አንድ ሞል ውስጥ ባለ የመዋቢያ ዕቃ ካውንተር ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ይበዛል፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ሽያጩ ቀዝቅዞ ስለነበር ሱፐርቫይዘራችን ፊቷ አልተፈታም።

አብራኝ ተረኛ የነበረችው ከአዲስ አበባ ከመጣች ብዙም ያልቆየች ልጅ ናት። ሙሽራ ስትኩል ነው የኖረችው፤ እጇ ወርቅ ነው። ጠይም ፊት ስጧት፣ ከደቂቃዎች በኋላ የፊቱ ባለቤት ራሷ አታውቀውም። እንደ ወተት የነጣ ቆዳ ላይ ግን ብዙ አልሠራችም።

የመጣችው ደንበኛ ቀይ ጸጉር ያላት፣ አፍንጫዋና ጉንጯ ላይ ጠቃጠቆ የተበተነባት ሴት ነበረች። ሜካፕ ላይ ጀማሪ ናት። በነጋታው ከእጮኛዋ ጋር ደጅ ፎቶ ልትነሳ ነው፤ «ባሕር ዳርቻ ሰንብቼ የመጣሁ ልምሰል» አለች። ከቦርሳዋ እህቷ የሰጠቻትን ብሮንዘር፣ ማለትም ፊትን ፀሐይ ያየ የሚያስመስለውን ቡናማ መዋቢያ፣ አወጣች። ከፍቼ ሳየው ቀላ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከእሷ ቆዳ በአራትና በአምስት ደረጃ የጠቆረ ነው። አገራችን ላይ መልክ ለማንጣት ስንት ዓይነት ክሬም እንደሚቀባ እያሰብኩ ዝም አልኩ፤ እዚህ ደግሞ ለመጥየም ይከፈላል።

እኔ ሌላ ደንበኛ ይዤ ስለነበር ልጅቷ ተቀበለቻት። ፋውንዴሽኑን፣ ከሥር ፊትን አንድ ዓይነት የሚያደርገውን ቅባት፣ አዳረሰች፤ ሳይደርቅ፣ ማድረቂያው ፓውደርም ሳይነካው፣ ጥቅጥቅ ባለው ብሩሽ ብሮንዘሩን አነሳችና ጉንጯ ላይ አሳረፈችው። በእኛ መብራት ሥር ሲያዩት ያምራል። መብራታችን ቢጫ ነው፤ ሁሉንም ሰው ደህና አድርጎ ያሳያል። ደንበኛዋም ደስ ብሏት ስልኳን አውጥታ ፎቶ መነሳት ጀምራለች።

ካውንተራችን መንገድ ከሚያሳየው የመስታወት በር አይርቅም። «አንዴ ወደ ብርሃኑ እንሂድ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። ደጅ ስንቆም ፊቷ ብርቱካን፣ አንገቷ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። ብሩሹ መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ ምልክት አለ፤ ጠቃጠቆዋ የት እንደገባ አይታወቅም። በእጅ መስታወት አየችና መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ልጅቷ ጆሮዬ ሥር መጥታ «ምን ነካው? እኛ ጋ እኮ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም» አለች በአማርኛ። እውነቷን ነው። የብሮንዘር ቡናማነት በአብዛኛው የሚመጣው ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር የብረት ኦክሳይድ ቅልቅል ነው። ቀዩና ቢጫው ሲያይል ዱቄቱ ወደ ብርቱካን ያደላል። ጠይም ቆዳ ላይ ያ ሙቀት ከቆዳው ጋር ይዋሃድና ወዝ ይሆናል። በጣም የነጣ ቆዳ ላይ ግን የሚሸሽግበት ቦታ የለውም፤ ያለው ቀለም ሁሉ አደባባይ ይወጣል። በዚያ ላይ እርጥብ ፋውንዴሽን ዱቄትን ያዝ ያደርገዋል፤ ከያዘው በኋላ ብታሹት የሚሰፋ እንጂ የሚለቅ አይደለም።

ስለዚህ አላሸነውም። ክቡን ምልክት ብቻ በጥጥና በማስለቀቂያ አነሳነው። የቀረውን ልጅቷ ፋውንዴሽኑ በቀረበት ስፖንጅ መታ መታ እያደረገች አበረደችው። እንደገና ስትቀባ ፋውንዴሽኑን አሳሳችው፤ ጠቃጠቆው ብቅ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ለእንዲህ ዓይነት ፊት ከማንኛውም ዕቃ በላይ የሚሠራው ይኸው ጠቃጠቆ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ምልክቱ እሱ ስለሆነ መሸፈኑ ኪሳራ ነው።

ከዚያ ደንበኛዋን «ፀሐይ ሲነካሽ ምን ትሆኛለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እቀላለሁ፣ እላጣለሁ፤ መጥየም የሚባል ነገር አላውቅም» አለች። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊትዝፓትሪክ የተባለው የቆዳ ሐኪም ቆዳን ፀሐይ ሲያገኘው በሚያደርገው ነገር ለመመደብ መለኪያ ሲያወጣ የመጀመሪያው ምድብ እንዲህ ያለው ነበር፤ ይቃጠላል እንጂ አይጠይምም። ታዲያ ፊቷ ጠይሞ የማያውቅን ሰው ጥቁር ቡናማ ብትቀቢያት ማን ያምናል? ለእሷ ፀሐይ ማለት ቅላት ነው። ከቆዳዋ በአንድ ደረጃ ብቻ የጠቆረ፣ ወደ ብርቱካን የማይሄድ፣ የማያብለጨልጭ ብሮንዘር መረጥን፤ ላዩ ላይ ጉንጭ የሚያቀላ ትንሽ ሮዝ ብላሽ። ለቆዳዋ የሚቀርቡትን ሦስት ቀለሞች መንጋጋዋ ላይ ወደ አንገቷ አስምረን በሩ ጋ ወስደን ነው የለየነው፤ እጅ ላይ መሞከር ለፊት ብዙም አይረዳም።

ልጅቷ በዚህኛው ዙር ፋውንዴሽኑን መጀመሪያ በስሱ ፓውደር አደረቀችው። ትልቅና ላላ ያለ ብሩሽ ወሰደች፣ ጫፉን ብቻ ነከረች፣ ካውንተሩ ላይ መታ አድርጋ አራገፈችው። ቦታው ላይ ግን ተከራከርን። እሷ ጉንጭ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ልትከተል ነበር፤ ያ የኮንቱር ቦታ ነው፣ ፊትን ለመቅረጽ፣ ጥላ ለማስመሰል። ብሮንዘር የሚሄደው ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ቦታ ላይ ነው፦ ግንባር ዳር ከጸጉሩ ሥር፣ የጉንጭ አጥንት አናት፣ አፍንጫ ላይ ለስሙ ያህል፣ ከዚያ መንጋጋ ሥር ወርዶ አንገት ላይ ይጠፋል። ነጭ ቆዳ ላይ ጥቂት አድርጎ መደጋገም እንጂ አንዴ ማሳረፍ አያዋጣም።

ደጅ ወጣን። ደንበኛዋ መስታወቱን ይዛ ዝም ብላ ቆየችና «ምንም የተቀባሁ አልመስልም» አለች፤ ቅሬታ ይሁን ምስጋና አልገባኝም። ጥቂት ቆይታ «እናቴን መሰልኩ፣ በጋ ሲያልፍ» ስትል ነው የገባኝ። ፀሐይ እንዳያቃጥላት ከሥር መከላከያ ክሬም እንዳትረሳ ነገርናት፤ ብሮንዘር ፀሐይ ያየ ያስመስላል እንጂ ከፀሐይ አያስጥልም።

የገዛችው ብሮንዘሩንና ላላ ያለውን ብሩሽ ብቻ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ደረሰኙን አይታ «ሙሉውን ስብስብ ለምን አላሳያችሁም?» ብላ ተቆጣች። በስብስቡ ውስጥ ያለው ብሮንዘር ያው የሚያብለጨልጨው ነው፤ ሰኞ ተመልሶ ይመጣል፣ ተከፍቶ የተመለሰ ሜካፕ ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚገባው። ይህንን ነገርኳት፤ መልስ አልሰጠችኝም፤ ስብስቡንም ከፊት መደርደሪያው ላይ አላነሳችውም።

ልጅቷ አሁን ነጭ ደንበኛ ሲመጣ ሳትጠየቅ ወደ በሩ ትወስዳለች። ደረቅ ቆዳ ላላቸው ከዱቄት ይልቅ ክሬም ብሮንዘር እንደሚሻል፣ እሱም ከፓውደር በፊት መቀባት እንዳለበት ተስማምተናል። እሷ ክሬሙን በጣት ነው የምትለው፣ እኔ በስፖንጅ፤ በዚህ እስከ ዛሬ እንጨቃጨቃለን።