ነጭ ጠርዝ

ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ እስከ ማታ አላባራም። እኔም ያለ በቂ ምክንያት የከበደኝን ልቤን ይዤ፣ ማክሰኞ ዕለት ከባንክ ያመጣኋቸውን የግማሽ ዶላር ጥቅሎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ተቀመጥሁ። በየጥቅሉ 20 ሳንቲም አለ፤ እንዲህ ባለ ምሽት እጄን የሚይዝልኝ፣ ከሐሳቤ ግን ብዙ የማይጠይቀኝ ሥራ ይሻለኛል።

ወረቀቱን ቀድጄ፣ ሳንቲሞቹን እንደ ተደረደሩ አጋድሜ የብር ሳንቲም ፍለጋ ጠርዛቸውን ብቻ እመለከታለሁ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1971 ወዲህ ለመገበያያ የወጡት ውስጣቸው መዳብ ስለ ሆነ ጠርዛቸው ላይ ቀይ መሥመር ይታያል። ከ1965 እስከ 1970 የተሠሩት ከመቶ 40 እጃቸው ብር በመሆኑ መሥመሩ ደብዘዝ ይላል፤ የ1964ቱ ግን ከመቶ 90 እጁ ብር ነውና ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። በሰባተኛው ጥቅል መካከል አንዲት ነጭ ጠርዝ አየሁ።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 ከተገደሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ምስላቸው የወጣባት ሳንቲም ናት፤ ሕዝቡ ለመታሰቢያ እያለ ከገበያ ሰበሰባት። በ1965 ሕጉ ብሩን ከዐሥር ሳንቲምና ከሩብ ዶላር ጨርሶ አውጥቶ ከግማሽ ዶላር ሲቀንስ ደግሞ የቀሩትም በየመሳቢያው ተሸሸጉ። ይህቺ ስድሳ ዓመት የት ቆይታ መጣች? ምናልባት አንድ ሰው ከሟች አባቱ ቤት ያገኘውን ማሰሮ ሙሉ ሳንቲም ሳይመለከት ባንክ አስገብቶት ይሆናል፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ጣል ሳደርጋቸው ሌሎቹ ዱብ ብለው ዝም ሲሉ እርሷ ረዘም አድርጋ አቃጨለች። እናቴ እንደምታጫውተኝ፣ አያቴ እምዬም ጠገራ ብር ስትቀበል ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ እየጣለች ድምፁን ታዳምጥ ነበር። በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል ቁጥር የሚታተምበት፣ 28 ግራም የሚመዝን የማርያ ትሬዛ ብር ነው። ሰው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ፈርጦች አስተውሎ፣ ካልጠሩ አልቀበልም ይል ነበር። ገንዘቡንም ማዕድኑንም በአንድ ስም ብር የምንለው እኮ በከንቱ አይደለም። ኋላ የመጣው፣ 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበት የእኛ ሽልንግም ከብር የተሠራ ነበረ፤ የተመታውም እዚሁ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው። እጄ ላይ ያለችውም የንስሩ እግር አጠገብ ፊደል ስለሌለባት የፊላደልፊያ ልጅ ናት።

እምዬ ግን ካጠራቀመቻቸው ጠገራዎች አንዱን ለአንጥረኛ ሰጥታ መስቀል አሠራችበት። ያ መስቀል ዛሬ አንገቴ ላይ ነው። የንግሥቲቱ ፊት፣ ፈርጦቿና ያ የማይለወጥ ዓመት እሳት ውስጥ ቀርተዋል። ሳንቲም የምሰበስብ ሰው በመሆኔ ይህ ለዓመታት ሲቆጨኝ ኖሯል፤ ዛሬ ግን እንደ ገንዘብ ተቀምጠው የነበሩት ሌሎቹ ጠገራዎች ሁሉ በአንድ ክፉ ዘመን እህል ተገዝቶባቸው ማለቃቸው ትዝ አለኝ። እኔ ዘንድ የደረሰው የቀለጠው ብቻ ነው።

የእኅቴ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ የክርስትና እናቷም እኔ ነኝ። ይህቺ ሳንቲም 12.5 ግራም ትመዝናለች፤ ከዚያ ውስጥ 11 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ስለ ሆነ ለትንሽ የአንገት መስቀል ይበቃል። ዘጠኝ ጥቅል ሳይከፈት ቀርቷል፤ ዝናቡ ማባራቱን እንኳ ልብ አላልሁም። መስቀሉንና ሳንቲሟን በአንድ መዳፌ ይዤ እንደ ተቀመጥሁ ነኝ። እሳት ላስነካት ወይስ እንዳለች ላስቀምጥላት? ከሁለቱስ ልጅቷ ዘንድ የሚደርሰው የትኛው ነው?