ከቀጨኔ በቲክቶክ፦ ጥላቻን እንዴት ተጋፈጥነው?

ቀጨኔ የአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የእንጦጦ ግርጌ ነው። እናቶቻችን ሸክላ ይሠራሉ። ስንቱ የከተማው ሰው ቡና የሚያፈላበት ጀበና ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። ወገናችን ከኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ከቤተ እስራኤል ነው የሚሉ ብዙ ጎረቤቶችም አሉን።

ጀበናውን የሚገዛው ሰው ግን ሠሪዋን «ቡዳ ናት» ይላል። ሌሊት ጅብ ትሆናለች ይላል። ድሮ ምድጃ ዳር የሚወራው ዛሬ ቲክቶክ ላይ ልጆች ይሳሳቁበታል። በዚያ ላይ ከውጭ የመጣው ተጨመረበት፤ «አይሁድ ዓለምን በስውር ይገዛሉ» የሚለው። ይህን ወሬ በዓለም ያሰራጨው እ.ኤ.አ. በ1903 ሩሲያ ውስጥ የታተመ የሐሰት ሰነድ ነው። የለንደኑ ታይምስ በ1921 ከሌላ መጽሐፍ የተገለበጠ መሆኑን አጋልጧል። ዛሬም ግን በአማርኛ እየተተረከ ይዞራል።

ከሰፈር ልጆች ጋር ዘመቻ ስንጀምር መጀመሪያ የተስማማንበት ነገር ውሸቱን በራሳችን አፍ አንደግምም የሚል ነበር። ቪዲዮ የሚያይ ልጅ ካልጣመው ወዲያው ያልፋል። «ቡዳ ናቸው ይባላል፤ ግን…» ብለህ ከጀመርክ፣ ይዞ የሚሄደው ያንን ብቻ ነው። ኮሜንት ላይ መጨቃጨቅም ቪዲዮውን ለብዙ ሰው ያደርሰዋል።

ስለዚህ እጅ አሳየን። ጎረቤታችን እትዬ የጀበናውን አንገት ከሆዱ ጋር ሲያያይዙ፣ ስፌቱን በእርጥብ ጨርቅ ሲያለሳልሱ፣ ስለ ማገዶ መወደድ ሲያማርሩ። ሌላ ምንም የለውም። «እናቴም እንደዚህ ነው የምታማርረው» የሚል ኮሜንት ሲበዛ መንገዱ እንደገባን አወቅን።

ታሪኩንም ከከተማችን ጀመርን። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከዚሁ ከአዲስ አበባ ወደ 14 ሺህ የሚሆኑ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ብዙ ሰው እንዲይዙ ከአንዳንዶቹ አውሮፕላኖች ወንበር ተነቅሎ ነበር። ግንቦት 20ን የማያውቅ የለም፤ ከሦስት ቀን በፊት የሆነውን ግን ብዙ ወጣት አልሰማም።

ሕማማት ሲደርስ «ክርስቶስን የሰቀሉ» የሚለው ስድብ ይበዛል። እዚህ ላይ እኛ ብንናገር ማን ይሰማናል? ለሰፈሩ ዲያቆን ተውንለት። እመቤታችንም ሐዋርያትም ከአይሁድ ወገን መሆናቸውን፣ በጸሎተ ሃይማኖትም በጲላጦስ ዘመን ስለ እኛ እንደተሰቀለ የምንመሰክር መሆናችንን ረጋ ብሎ ተናገረ። ቤተ ክርስቲያን የሚሰማ ልጅ የሚሰማው ከዚያው ቤት የወጣ ሰው ሲነግረው ነው።

ስድብ ለማጣራት የቲክቶክን የቃላት ማገጃ ተጠቀምን። በአማርኛ ሥራ አለው፤ አንዱን ቃል በሁሉም አጻጻፉ፣ ሆን ተብሎ በነጥብ የተቆራረጠውንና በላቲን ፊደል የሚጻፈውንም ጭምር ማስገባት ያስፈልጋል።

የጋዛ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ኮሜንቱ ሌላ መልክ ያዘ። የእስራኤልን መንግሥት መንቀፍ የማንም መብት ነው፤ ያንን አንነካም። ቀጨኔ ቁጭ ብላ ጭቃ የምታቦካን እናት በዚያ ጦርነት መወንጀል ግን ጥላቻ ነው። እሱን እናጠፋለን፤ ለጻፈውም በውስጥ መስመር እንጽፍለታለን። በአደባባይ የሚሳደብ ልጅ ብቻውን ሲያናግሩት አብዛኛውን ጊዜ ይለሰልሳል።

አንዱ ልጅ «እውነት ማታ ጅብ አይሆኑም?» ብሎ ጠየቀን። ከልቡ ነበር የጠየቀው። እትዬ ራሳቸው በድምፅ መለሱለት፤ «ልጄ፣ ማታማ ወገቤ ተቆርጦ፣ እግሬን ታጥቤ እተኛለሁ። መጥተህ እየኝ፣ ቡና እናፈላልሃለን።» የልጁን ስም ሳንጠቅስ መልሳቸውን በፈቃዳቸው ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጥቅል አይበላም። እስካሁን ከሠራነው ሁሉ በብዛት የተላለፈው እሱ ነው።