አይጠየፍ እና የሚጠየፈው አዳራሽ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ለጥምቀት ከቨርጂኒያ መጥቶ ነበር። ደሴ ከገባበት ቀን ጀምሮ ብርድ ብርድ ሲል ሰንብቶ፣ ጥር 12 ሌሊት ላይ ግን ጋቢ ተከናንቦ በረንዳ ላይ ስልኩን ወደ ጦሳ ተራራ እያነጣጠረ ኔትወርክ ሲለምን አገኘሁት። እኔ ሌባ ገባ ብዬ ዱላ ይዤ ነበር የወጣሁት።

«ጋሼ፣ ቤልትራን ገባ!» አለኝ።

ማነው እሱ? የትስ ነው የገባው? በዚህ ብርድ እንኳን ሰው ጅብም ከዋሻው አይወጣ።

ነገሩ የገባኝ በነጋታው ቡና ላይ ነው፤ ቤልትራን የቤዝቦል ተጫዋች ነው፣ የገባውም የቤዝቦል የዝና አዳራሽ። ገባኝ ስል ደግሞ ግማሽ በግማሽ። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ እስኪሄድ ድረስ ቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። እኔ፣ እሱ፣ አክስቴ፣ ጎረቤታችን ሐጂ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ወዳጄ፣ የሰፈር ልጆች፣ ሁላችንም በዕድሜያችን አንድ ጨዋታ እንኳ ቁጭ ብለን አይተን ስለማናውቀው ስፖርት ጉሮሯችን እስኪደርቅ ተከራከርን።

ለማታውቁት ባጭሩ። ቤዝቦል ማለት አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታታል፣ መትቶ ይሮጣል። ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ካሻገራት ሆም ረን ይባላል፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። እኔ የገና ጨዋታ ዘመድ ነው ብዬ ይዤዋለሁ፣ የእህቴ ልጅ ግን አይስማማም። ከ10 ሙከራ 3ቱን አሳምሮ የመታ ሰው ጀግና ነው አለን። ሰባቱን የሳተው! ሐጂ ስኒያቸውን አስቀምጠው «እንዲህማ ከሆነ እኔም ጀግና ነኛ» አሉ።

አሁን ወደ አዳራሹ። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኩፐርስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የቤዝቦል የዝና አዳራሽ፣ ታላላቆቹ ተመርጠው ስማቸው የሚቀመጥበት፣ ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ተጫዋቾች የተመረጡት በ1936 ሲሆን በሩ የተከፈተው በ1939 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ)። መራጮቹ በሥራው 10 ዓመት የቆዩ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ናቸው። ተጫዋቹ ጨዋታ ካቆመ 5 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ከዚያ 75 ከመቶ ድምፅ ካገኘ ይገባል፣ ካላገኘ በዓመቱ ይሞክራል፣ እስከ 10 ዓመት። ከ5 ከመቶ በታች ያገኘ ግን እዚያው ይሰናበታል።

75 ከመቶ ቀላል አይደለም። በ1936 ቤብ ሩት፣ ቤዝቦል ሲባል እኔ እንኳ ስሙን የሰማሁት ሰውዬ፣ ከ226 መራጮች 215 ነው ያገኘው። 11 ሰው ቤብ ሩትን አልፈልግም ብሏል ማለት ነው! ሙሉ ድምፅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ማሪያኖ ሪቬራ ነው፣ ያውም በ2019። አምና ደግሞ ጃፓናዊው ኢቺሮ ከ394 ድምፅ 393 አገኘ። አንዷ ጎደለችበት። ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? ያልመረጠኝን ጋዜጠኛ ቤቴ ጋብዤ አብረን ብንጠጣ ደስ ይለኛል አለ። ይሄማ ወሎዬ ነው! አክስቴ ወዲያው ወደደችው።

ሌሊት ወደ ቀሰቀሰኝ ቤልትራን ልመለስ። ሂዩስተን አስትሮስ የሚባለው ቡድን በ2017 ዋንጫ ሲበላ፣ የተጋጣሚውን የምልክት ቋንቋ በካሜራ እየሰረቀ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ኳስ ምን ዓይነት እንደሆነ ለመቺው የሚነግረው የቆሻሻ በርሜል በመደብደብ ነበር። በርሜል! በሚሊዮን ዶላር የሚከፈላቸው ሰዎች። ካርሎስ ቤልትራን የዚያ ቡድን ተጫዋች ነበር፣ የሊጉ ምርመራ ውጤት በ2020 ሲወጣም ስሙ ተጠራ። ገና የተሾመበትን ሜትስ የሚባል ቡድን አሠልጣኝነት አንድ ጨዋታ ሳይመራ ተወው። የዝና አዳራሽ ምርጫ ላይ መጀመሪያ 46.5 ከመቶ አገኘ። ዘንድሮ በአራተኛው ሙከራ 84.2 አግኝቶ ገባ።

እንግዲህ ጠቡ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ «ይሄ ከገባ ባሪ ቦንድስ ለምን ይቀራል?» አለ።

ባሪ ቦንድስ 762 ሆም ረን አለው። በአሜሪካው ትልቁ ሊግ ከሱ በላይ የለም። በአንድ ዓመት ብቻ፣ በ2001፣ 73 መትቷል፤ እሱንም የሚስተካከል የለም። የዓመቱ ኮከብ 7 ጊዜ ተብሏል። ሮጀር ክሌመንስ ደግሞ ወርዋሪ ነው፣ 354 ጨዋታ ያሸነፈ፣ የምርጥ ወርዋሪ ሽልማት 7 ጊዜ የወሰደ። ሁለቱም 10 ዓመታቸውን ጨርሰው በ2022 ቀሩ፣ ቦንድስ በ66፣ ክሌመንስ በ65.2 ከመቶ። ምክንያቱ የአበረታች ቅመም ጉዳይ ነው። እኛ አትሌቲክሱ ላይ ዶፒንግ የምንለው።

በ2007 ጆርጅ ሚቼል የሚባሉ የቀድሞ ሴናተር ነገሩን መርምረው ሪፖርት አወጡ፣ ወደ 89 ተጫዋቾች ስም ያለበት። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «አውጫጭኝ ነዋ!» አሉ። ልክ ናቸው። ድሮ አገር ቤት ከብት ሲጠፋ አገሬው አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ የሚቀመጠው ዓይነት። ልዩነቱ፣ በኛ አውጫጭኝ ነገሩ ሳይለይ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እነሱ ስም ጠርተው ተበተኑ፣ ፍርዱን ለጋዜጠኞች ጥለው።

የኔ አቋም ያኔ ግልጽ ነበር፤ አሁንም ብዙ አልተለወጠም። በኛ አገር ደም የፈሰሰበት ነገር እንኳ በአበጋር፣ በአስታራቂ ሽማግሌ፣ ይታረቃል፣ ግን መጀመሪያ እውነቱ ይወጣል። ያጠፋው አጠፋሁ ይላል። ከዚያ ነው ዱአው፣ ከዚያ ነው ማዕዱ። አጠፋሁ ሳይል ማዕድ ላይ ልቀመጥ የሚል ሰው የሚያስቀይመኝ ለዚህ ነው። ቦንድስ እያወቅሁ አልወሰድኩም ባይ ነው። ይናገርና ይግባ አልኩ።

የእህቴ ልጅ ሳቀብኝ። «ማክግዋየር ተናገረ አይደል እንዴ ጋሼ? ምን አተረፈ?»

ማርክ ማክግዋየር 583 ሆም ረን ያለው ሰው ነው። በ2010 አዎ ወስጃለሁ ብሎ በአደባባይ ተናዘዘ። በቀጣዩ ዓመት ድምፁ ጭራሽ ወረደ። እስከ ዛሬ አልገባም። ጌይሎርድ ፔሪ የሚባል ወርዋሪ ደግሞ አለ፣ ኳስ ላይ ምራቅና ቅባት እየቀባ ሲወረውር የኖረ፣ ገና እየተጫወተ ሳለ መጽሐፍ ጽፎ ራሱ ያወራ። እሱ በ1991 ገብቷል፣ ሰውም እየሳቀ ነው የሚያወራለት። ለምራቅ የሳቀ ለመርፌ ለምን ያለቅሳል?

ይባስ ብሎ ያ ሁሉ ቅመም ሲወሰድ የሊጉ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ባድ ሴሊግ በ2017 ገብተዋል። በረቱን ሲጠብቁ የነበሩት ተሸለሙ፣ ከብቱን የነዱት ውጭ ቀሩ። ይቺ አስጨንቃኛለች፣ መልስም አላገኘሁላትም።

አስተማሪው ወዳጄ ደግሞ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ ጨመረበት። «ክሌመንስስ? አልወሰድኩም ነው የሚለው። ምክር ቤት ፊት ማለ፣ በሐሰት መሐላ ተከሰሰ፣ በ2012 ነፃ ወጣ። እውነቱን ከሆነ ምኑን ይናዘዝልህ?»

እዚህ ላይ ቡና አንቆኝ ነው ዝም ያልኩት ብዬ ልዋሽ እችል ነበር። አይደለም። መልስ አጥቼ ነው።

በመሃል የእህቴን ልጅ አይጠየፍን ላሳየው ወሰድኩት። የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ፣ የደሴ ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ስሙ የወጣለት ትልቅ ትንሽ ሳይል፣ ድሃ ሀብታም ሳይለይ ሁሉም ግብር ስለሚበላበት ነው ይባላል። ልጁ ጣራውን አንጋጦ አየና «እኛ ያለው የሚጠየፍ ነው በለኛ» አለ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረው፣ እኔ ግን ሸዋበር እስክንደርስ ሳስባት ነበር። እውነት ነው፣ ሁሉን የሚያስገባ የዝና አዳራሽ የለም። ሁሉም ከገባማ ምኑን ዝና ሆነ። ግን የሚጠየፈውን ራሱ በቅጡ ያውቃል ወይ?

የሚጠየፈውን በቅጡ እንዳላወቀ በጥቁሮቹ ታይቷል። ቆዳቸው ጥቁር በመሆኑ ብቻ እስከ 1947 ከትልቁ ሊግ ውጭ፣ በራሳቸው ሊግ ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች አሉ። ከነሱ አንዱ ሳቼል ፔጅ የገባው በ1971 ነው። በ2006 ልዩ ኮሚቴ ተቀምጦ ከጥቁሮቹ ሊግና ከዚያ በፊት ከነበሩት 17 ሰው ባንድ ጊዜ አስገባ። ዕድሜውን ሙሉ የነዚህን ሰዎች ታሪክ ሲናገር የኖረው በክ ኦኒል ግን በአንድ ድምፅ ቀረ ይባላል። አንድ! ሽማግሌው ተቀየሙ? ሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝተው ስለ 17ቱ ንግግር አደረጉ፣ ሕዝቡን አዘፈኑ። በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ አረፉ። አዳራሹ ያስገባቸው በ2022 ነው፣ እሳቸው በሌሉበት። የእህቴ ልጅ ይህን ሲያወራ ሐጂ አንገታቸውን አቀረቀሩ።

የፒት ሮዝ ጉዳይ የመጣው ማታ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ያጯጯኸን እሱ ነው፣ ምክንያቱም ነገሩ ውርርድ ነው፣ ውርርድ ደግሞ ደሴ ውስጥ ማን የማያውቅ አለ? በየመንገዱ ቤቲንግ ቤት ነው። ልጆቹ እንጀራ ይቅር ብለው ትኬት ይቆርጣሉ። ሮዝ 4,256 ጊዜ መትቷል፣ በትልቁ ሊግ ታሪክ አንደኛ። የራሱን ቡድን ሲያሠለጥን በቤዝቦል ተወራርዷል ተብሎ በ1989 ዕድሜ ልክ ታገደ። አላደረግሁም ብሎ 15 ዓመት ካደ። በ2004 አመነ። መስከረም 2024 ላይ ሞተ። በቀጣዩ ግንቦት ሊጉ «ዕድሜ ልክ ያልነው ዕድሜው ሲያልቅ ያልቃል» ዓይነት ውሳኔ ወስኖ እገዳውን አነሳ። ከሱ ጋር በ1919ኙ የተሸጠ ዋንጫ ሰበብ ስሙ የተሰረዘው ባዶ እግሩ ጆ ጃክሰንም ተነሳለት፣ ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ። በ2027 መጨረሻ ኮሚቴ ሊያያቸው ይችላል።

እኔ ሮዝ ይግባ ባይ ነኝ። ዘግይቶም ቢሆን አምኗል፣ ቅጣቱን እስከ መቃብር ጨርሷል፣ ከዚህ በላይ ምን ይሁን። ከሰፈር ልጆች አንዱ ግን፣ ወንድሙ በቤቲንግ የአባቱን በግ መሸጫ ብር የጨረሰበት፣ «ጋሼ፣ በሞቴ እሱ አይግባ» ብሎ ፊቱ ተለዋወጠ። አልተከራከርኩትም።

በመጨረሻው ማታ ድምፅ እንስጥ ተባለ። ከደብተር ወረቀት ቀደን ለ8 ሰው አደልን። አስተማሪው አስልቶ 6 ድምፅ ልክ 75 ከመቶ ነው አለ። ሮዝ 6 አግኝቶ ገባ፣ በመስመሩ ላይ። ክሌመንስ 4። እኔ ራሴ ለክሌመንስ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ፣ ቆጣሪው ማንበብ አቅቶት «ይሄ ምንድን ነው?» እስኪል። ቦንድስ 5 አገኘ፣ 62.5 ከመቶ። የእህቴ ልጅ አበደ። አሜሪካ የቀረው ሰው ደሴም ቀረ! ባለፈው ኅዳር መጨረሻ 16 ሰው ያለበት ኮሚቴ ቦንድስን 5 ድምፅ እንኳ ነፍጎ ጄፍ ኬንትን አስገብቷል፣ ያውም በ2002 ጨዋታ መሃል ከቦንድስ ጋር የተናነቀውን የራሱን የቡድን ጓደኛ። ልጁ ይህን እያነሳ «ወሎዬ ይሻላል ብዬ ነበር» አለ። «አብሽር» አሉት ሐጂ፣ «በዓመቱ ይደገማል።»

አንድ ወረቀት ቀርታ ነበር፣ የአክስቴ። ለሮዝም ለቦንድስም ለማንም አልጻፈችም። ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ብላ ነው የጻፈችው። የእህቴ ልጅ ቀን ላይ በጨዋታ መሃል ነበር ስሙን ያነሳው፦ ከፖርቶ ሪኮ የሆነ፣ ልክ 3,000 ጊዜ መትቶ ዓመቱን የጨረሰ፣ በ1972 የመጨረሻ ቀን ኒካራጓ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ለጎዳቸው ሰዎች እርዳታ ጭኖ ሲሄድ አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወድቆ የሞተ። አምስቱን ዓመት ጠብቁ ሳይሉ በ1973 ነው ያስገቡት።

እኛ ዘንድ ያ ዓመት 65 እና 66 ነው። አክስቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ከራያ በኩል ወደ ደሴ በእግር የመጣውን ሰው አይታለች። ስለዚያ ዘመን ብዙ አትናገርም፣ እኛም አንጠይቃትም።

«አክስቴ፣ እሱማ ገብቷል እኮ፣ ድሮ» አላት የእህቴ ልጅ።

«ይድገሙታ» አለችና በረካውን ልትቀዳ ተነሳች።