ለብርቱካን ጓደኛ ስፈልግ

አዲሷ ዓሣ ከብርቱካን ጋር በአንድ ገንዳ መኖር ከጀመረች ዛሬ ሦስት ወር ሞላት። እዚህ እስክደርስ ድረስ የሠራሁትን ስህተትና የቀየርኩትን ሐሳብ ሳልረሳው ለማስፈር ብዬ ማስታወሻዬን አወጣሁ።

ብርቱካን ኦራንዳ ከሚባለው የጎልድፊሽ ወገን ናት፤ ሰውነቷ እንደ እንቁላል የደበለበለ፣ ጅራቷ እንደ ነጠላ ጫፍ የሚንሳፈፍ፣ አናቷ ላይ እንጆሪ የመሰለ ሥጋ የበቀለባት ዓሣ ናት። «ናት» የምለው እንኳ በልማድ ነው፤ የጎልድፊሽ ፆታ የመራቢያ ጊዜው ካልደረሰ በቀር በዓይን አይለይም። ማታ ማታ ገንዳው ፊት ተቀምጬ ብቻዋን ከጥግ እስከ ጥግ ስትመላለስ ሳይ ታሳዝነኝ ነበር፤ ኀዘኑ የእርሷ ይሁን የእኔ ግን ያኔ አልመረመርኩም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ከዚህ ችኮላ የመጣ ነው። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ አልጌ ስለበዛ፣ ጓደኝነትንም ጽዳትንም በአንድ ጊዜ አገኛለሁ ብዬ ፕሌኮ የሚባለውን፣ በአፉ እየተጣበቀ አልጌ የሚግጥ የአምባዛ ዘመድ ገዛሁ። ሻጩ «ከማንም ጋር ይስማማል» ብሎኝ ነበር። ቀን ቀን ከእንጨቱ ሥር ተደብቆ ስለሚውል እኔም አመንኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን የብርቱካን ጎን ቀልቶና ቅርፊቱ ተነቅሎ አገኘሁት። ሌሊት መብራት ሳበራ ፕሌኮው ጎኗ ላይ ተለጥፎ፣ መላ ሰውነቷን የሚሸፍነውን ሙልጭልጭ ልባስ ሲመጥ ደረስኩበት። ያ ልባስ ተሕዋስያን ወደ ሥጋዋ እንዳይገቡ የሚከለክላት የመጀመሪያ አጥሯ ነው፤ እንደ እርሷ ደብልብልና ዝግተኛ የሆነ ዓሣ ደግሞ ከላዩ ላይ የተለጠፈበትን አራግፎ አያመልጥም። ፕሌኮውን በማግስቱ መለስኩት፣ ቁስሉ ግን እስኪሽር ጊዜ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄዬን የለወጥኩት። እስከዚያ ድረስ የምጠይቀው «የትኛው ዓሣ ያምራል?» ብዬ ነበር፤ መጠየቅ የነበረብኝ ግን ብርቱካን ራሷ ምን ዓይነት ፍጥረት ናት የሚለውን ነው።

ጎልድፊሽ የካርፕ ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ ቻይናውያን ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ እያረቡ ያወጡት ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። እንደ ብርቱካን ላሉት ደብልብሎች ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማቸዋል። በመደብር መስኮት ዓይን የሚስቡት ትንንሽ ዓሦች፣ ቤታውም ሆነ ኒዮን ቴትራው፣ በአብዛኛው የሞቃት ወንዞችና ረግረጎች ልጆች ስለሆኑ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋሉ። «መሐል ላይ ላስታርቃቸው» የሚለው ሐሳብ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር፤ ነገር ግን ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የጎልድፊሽ ሰውነት ደግሞ በሙቀት ሲፋጠን የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። እንዲህ ያለው እርቅ ሁለቱንም ወገን ይጎዳል።

ቀጥሎ ያጠናሁት አፏን ነው። ብርቱካን ክፋት የለባትም፤ አፏ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ግን ምግብ ነው ብላ ታምናለች። ጠጠር አንስታ ታላምጣለች፣ ትተፋለች፣ መልሳ ታነሳለች። ጥርሷ ያለው ጉሮሮዋ ውስጥ ስለሆነ መንጋጋዋን አይቶ የዋህ ናት ማለት አይቻልም። ጨጓራ የሚባል ነገር ስለሌላት የጠገበች አትመስልም፤ «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል» የሚለው ተረት ለእርሷ የተነገረ ይመስለኛል። ስለዚህ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኒዮን ቴትራ ለእርሷ ጓደኛ ሳይሆን እራት ነው። ከሁሉ ያስደነገጠኝ የኮሪዶራስ ነገር ነው፤ ይህ ሰላማዊ ትንሽ ዓሣ ሲደነግጥ የክንፎቹን እሾህ ገትሮ ስለሚቆልፍ፣ ሊውጠው የሞከረ ጎልድፊሽ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ። በተቃራኒው እንደ ታይገር ባርብ ያሉት ፈጣኖች ረጅሙን ጅራቷን እየነከሱ ያስጨንቋታል።

ስለ ቆሻሻው ብዙ አልጽፍም፤ ጎልድፊሽ ውሃውን ቶሎ እንደሚያቆሽሽና ሰፊ ገንዳ እንደሚፈልግ ያሳደገው ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ ደብልብል ጎልድፊሽ 75 ሊትር ገደማ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ደግሞ 40 ሊትር ያህል ይመከራል፤ የእኔ ገንዳ 160 ሊትር ስለሆነ ለሁለተኛ ዓሣ ይበቃል። ቢሆንም ከዓሣ ቆሻሻ የሚመነጩት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆናቸውን ለተከታታይ ሳምንታት ሳልለካ ሌላ አፍ አልጨመርኩም።

የቀሩኝ እጩዎች ጥቂት ነበሩ። ዋይት ክላውድ የተባለው ትንሽ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ቢወድም፣ ቁመቱ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርቱካን ስታድግ ዕጣው ያው ነው። እንደ እባብ የሚሳበው ዶጆ ሎች ለጎልድፊሽ መልካም ጎረቤት ነው፤ ግን በጣም ይረዝማል፣ ከክዳን ሥርም ሾልኮ የመውጣት ልማድ አለው። ቀንድ አውጣ ሞከርኩ፤ ብርቱካን አንቴናዋን እየነከሰች ከቀፎዋ እንዳትወጣ ስላደረገቻት አነሳኋት።

መጨረሻ ላይ የቀረው ራሱ ጎልድፊሽ ነበር። እሱም ቢሆን ማንኛውም አይደለም፤ ኮሜት የተባለው ቀጭን፣ ጅራቱ ድርብ ያልሆነ ወገን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ ሯጭ ስለሆነ፣ ብርቱካን ዞራ ሳትጨርስ ምግቡን ጠራርጎ ይወስድባታል። ቴሌስኮፕ የተባለው ዓይኑ የወጣ ወገን ደግሞ እይታው ደካማ ስለሆነ በእርሷ ፊት የሚራበው እሱ ይሆናል። ስለዚህ በመጠንም በዝግታም እርሷን የምትመስል ነጭ ኦራንዳ መረጥኩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ከፕሌኮው ስለተማርኩ፣ አዲሷን ለአራት ሳምንት በሌላ ገንዳ ለብቻዋ አቆይቼ ጤንነቷን ካየሁ በኋላ ነው ያቀላቀልኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ተሸታተቱ፤ ከዚያ ጎን ለጎን ሆነው ጠጠሩን ማገላበጥ ጀመሩ።

ባለፈው እሑድ ግን በብርቱካን ስንጥብ ክዳን ላይ ነጫጭ ነጥቦች አየሁና ልቤ ደነገጠ፤ የነጭ ነጥብ በሽታ የገባ መሰለኝ። ቀረብ ብዬ ስመለከት ነጥቦቹ ያሉት ስንጥብ ክዳኑና የደረት ክንፎቹ የፊት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፤ ጎኑና ጅራቱ ንጹሕ ነው። ይህ በሽታ ሳይሆን ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ የሚያወጣው ምልክት ነው። ብርቱካን ሁለት ዓመት ሙሉ «እሷ» ስላት የኖረች፣ ለካስ «እሱ» ኖሯል። ስሙን ግን አልቀየርኩትም።

ዛሬ ጠዋት አዲሷን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ገንዳውን ሦስት ጊዜ ሲያዞራት አየሁ። ወንድ አንዲት ሴት ብቻ ካገኘ ያለ እረፍት እያሳደደ ሊያደክማት ስለሚችል፣ መለያውን መረብ አጥቤ ከገንዳው አጠገብ አስቀምጫለሁ።